ድቅሎቹ አይጦች ስህተት አልነበሩም

ውድ ጥሩዬ፣

ከተለየሽን ሰባት ወር ሊሞላ ነው። የቤቱን ወሬ ማስቀደም ነበረብኝ፤ ልጃችን ሰላም ሳሎኑን ቢጫ ቀለም ቀብታዋለች፣ የአይጥ ወጥመዶቹም አሁንም በረንዳው ላይ የለውዝ ቅቤ ይሸታሉ። ግን መታገሥ አልቻልኩም። ዘንገና ሐይቅ አካባቢ የያዝናቸው አይጦች የጂን ውጤት ትናንት መጣ። ልክ ነበርሽ።

ከደኑ በኩል ያሉትና ከገብስ ማሳው በኩል ያሉት አይጦች የአንድ ዝርያ ሁለት ንዑስ ዝርያዎች መሆናቸውን ይዘን ነበር የጀመርነው። ደኑ ጥግ ላይ መልካቸው ከሁለቱም የተዋሰ አይጦች ሲገቡልን፣ ጭቃው ላይ እንደተንበረከክሽ «እነዚህማ ተጋብተዋል፤ ሠርጉን ሳይጠሩን ቀሩ እንጂ» ብለሽ ሳቅሽ። እኔ ጃንጥላ ይዤ ሚዛኑ ረጠበ እያልኩ እነጫነጭ ነበር።

ካረፍሽ በኋላ አንድ ባልደረባችን እነዚያን አይጦች ከጥናቱ እናውጣቸው አለ። የናሙናዎቹን መለያ የጻፍሽው አንቺ ነሽና «ደክሟት አቀላቅላው ይሆናል» አለ፤ ያውም በስብሰባ ላይ፣ አንቺ መልስ መስጠት በማትችይበት ጊዜ። ጠረጴዛ መታሁ። ተሰብሳቢው ተሸማቀቀ፤ እኔ ግን አልተጸጸትኩም። ሁሉም እንደገና ይመርመር አልኩ።

ተመረመረ። አንድም ናሙና አልተምታታብሽም፤ የተቀላቀሉት አይጦቹ ራሳቸው ናቸው። የደኑ አይጦች ጂን ማሳው ውስጥ ርቆ ገብቷል፣ የማሳዎቹም ወደ ደኑ። የኤክስ ክሮሞዞም ጂኖች ግን ድንበሩ ላይ ቆመዋል፤ እምብዛም አያልፉም። ሁሉም እኩል አይሻገርም፣ ጥሩዬ! ወረቀቱን ይዤ ባጃጅ መያዙን እንኳ ረስቼ እስከ ቤት በእግሬ ገሰገስኩ።

ለሰላም ሳስረዳት «እንደ አንተና እንደ እማዬ ነዋ» አለችኝ። የአፍ መፍቻሽ አዊኛ እኔ ጋ ተሻግሯል፤ ድንቹንም አጥሩንም በእሱ ነው የምጠራው። «ትዕግሥቷ ግን ድንበር ላይ ቀረ» አለች።

የጥናት ጽሑፉን ጀምሬዋለሁ። ያው ባልደረባችን ዛሬ ለስለስ ብሎ፣ ስምሽ መጨረሻ ላይ ከምስጋናው ጋር ቢገባ አይሻልም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይሻልም አልኩት። የያዝሻቸው አንቺ፣ የለየሻቸው አንቺ፣ ያመንሻቸውም አንቺ ነሽ። ስምሽ መጀመሪያ ላይ ነው፤ የእኔ ከሥሩ። ዓይኔ እስካየ ድረስ ማንም ከዚያ አያወርድሽም።

ባለቤትሽ