የሐጂ ሽኩር ልጅ መጽሐፍ ላይ ሞተች

ሰኞ፣ ጥር 14 ቀን 1965

ዛሬም ያው። ሂሳብ፣ ጂኦግራፊ፣ አቧራ። በእረፍት ሰዓት የዘጠነኛ «ለ» ሴቶች በሙሉ ጓደኛዬን ሚስኪን ከበው ቁጭ። እሷ ታነባለች፣ እነሱ ይነፋረቃሉ። መጽሐፉ «ያልደረቀ መሐረብ» ይባላል። ወንድይፍራው የሚባል ሰው ነው የጻፈው። ሽፋኑ ላይ አንዲት ልጅ መስኮት ተደግፋ ቆማለች… አንገቷ የግመል።

ታሪኩ? ወለላ የምትባል ተማሪ አውሮፕላን አብራሪ ትወዳለች። አብራሪው ይሄዳል፤ ታለቅሳለች። ይመጣል፤ ታለቅሳለች። አንደኛ መጽሐፍ አለቀ። ሁለተኛው በቅርብ ቀን…

«ዙቤዳ፣ አንቺ እኮ ድንጋይ ነሽ» አለችኝ ሚስኪ አፍንጫዋን እየጠረገች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ባትሆን ኖሮ እንዲህ ያለች ቂል አጠገቤ አላስቀምጥም ነበር።

መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ለመሳደብ ነው። ሳያነቡ መሳደብ ነውር ነው።

የካቲት 5

ደራሲው ራሱ ትምህርት ቤታችን መጣ! የአማርኛ አስተማሪያችን አቶ ፀሐዬ ናቸው የጋበዙት።

ረጅም፣ ግርማ ያለው ሰው ነበር የጠበቅኩት። አጭር ነው። ኮቱ ክርኑ ላይ ተጥፏል። ሰው ፊት ሲቆም እጁን የት እንደሚያደርገው ይጨንቀዋል። ይሄ ነው ኮልፌን ሁሉ ሲያስለቅስ የከረመው?

አቶ ፀሐዬ «ጥያቄ ያላችሁ» ሲሉ ተነሣሁ።

«የወለላ እናት ምዕራፍ ሁለት ላይ ሞተዋል። ምዕራፍ ሰባት ላይ ወጥ ይሠራሉ። ከየት መጥተው ነው?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አቶ ፀሐዬ ዐይናቸውን አጉረጠረጡብኝ። ሰውየው ጣሪያውን አየ፣ ከዚያ እሱም ሳቀ።

«እውነትሽን ነው። መሞታቸውን ረስቼዋለሁ። ሴትየዋን እወዳቸው ነበር መሰለኝ።»

መልስ ነው ይሄ? ደራሲ የገደለውን ይረሳል?

ሚስኪ ደግሞ፣ «ሁለተኛው ላይ ወለላ ምን ትሆናለች?» ብላ ጠየቀች። «ለአብራሪው እድራታለሁ» አለ። «አንባቢዎቼ ብዙ አልቅሰዋል፣ ይበቃቸዋል።» ሁሉም አጨበጨቡ። እኔ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

የካቲት 21

ሚስኪ ልትዳር ነው።

ሰውየው የጅማ ቡና ነጋዴ ነው። አባቷ ሐጂ ሽኩር፣ አጠና ተራ አጠና የሚሸጡት፣ ቃል ሰጥተዋል። ኒካሁ ከረመዳን በፊት። ዘጠነኛን ትጨርስ፣ በቃ፤ አሥረኛ ክፍል የሚባል ነገር የለም። እናቷ ቢለምኑ አልተሰሙም። ታላቅ ወንድሟ ዩሱፍ ቢሞክር «አንተ ደግሞ ማን ነህ?» ተብሎ ወጣ።

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«አባ ፊት ምን እላለሁ?»

«እምቢ በያ!»

«እሺ፣ ነይና አንቺ እምቢ በይልኝ።»

አላለቀሰችም። ለወለላ ባልዲ ሙሉ የምታነባ ልጅ ለራሷ ጠብ አላደረገችም። እንዴት እንዳናደደችኝ…

ቅዳሜ፣ መጋቢት 8

ደራሲው ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት በር ላይ ተቀምጦ መጽሐፉን ራሱ ይሸጣል። ሚስኪ «ካላገኘሁት» ብላ ጨቀጨቀችኝ። ፌርማታው ላይ ተጋፍተን፣ አውቶቡስ ውስጥ ተረግጠን ደረስን።

ሻይ ጋበዘን። ሚስኪ ጀመረች። አባቷ፣ አጠናው፣ የቤታቸው አረንጓዴ በር፣ የጅማው ሰውዬ… ለማታውቀው ሰው! አፈርኩላት። ተነሥቼ መንገድ ተሻገርኩና የጫማ ቤት መስኮት ሳይ ቆየሁ። ስመለስ ሰውየው ራሱን ይነቀንቃል።

«አይሆንም፤ ለአንባቢ ቃል ገብቻለሁ።»

«እባክዎ ጋሼ» ትላለች።

ምኑን ነው እባክዎ? ስቀመጥ ሁለቱም ዝም አሉ።

አውቶቡስ ላይ ጠየቅኳት። «ስለ ወለላ ነው» አለች። ኒካህሽ ደርሶ ስለ ወለላ! ሰው እየሰማ እዚያው ሰደብኳት። ኮልፌ እስክንደርስ በመስኮት ስታይ ቆየች።

ግንቦት 26

ሁለተኛው መጽሐፍ ወጣ። ተቃጠልኩ።

አብራሪው የለም! በነነ። የወለላ አባት አንደኛው ላይ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ አሁን አጠና ነጋዴ ሆነዋል። በራቸው አረንጓዴ። ልጃቸውን ከትምህርት ቤት አስወጥተው ለሩቅ አገር ቡና ነጋዴ ይድሯታል። ወለላ እህል አልወርድላት ይላል፣ ትቀልጣለች፣ በሠርጓ ዋዜማ ትሞታለች። በቬሎዋ ይቀብሯታል።

ሌባ! በአንድ ብርጭቆ ሻይ የሰው ኑሮ ዘርፎ ሄደ። ስሟን እንኳ ቀየርኩ ብሎ እኮ ይሆናል… በሩን መቀየር አቅቶት?

«አነበብሽው?» አልኳት።

«አንብቤዋለሁ።»

«እና?»

«ቬሎው አላማረኝም» አለች።

ይህቺ ምን ትባላለች?

ቅዳሜ፣ ሰኔ 2

ሳልረሳው ልጻፈው።

ሐጂ ሽኩር አስጠሩኝ። አጠና ተራ አንዱ ደንበኛቸው፣ «ሐጂ፣ ልጅዎን መጽሐፍ ላይ ቀበሯት እኮ!» ብሏቸዋል። መጽሐፉን ገዝተው መጥተዋል። ቁርኣን ያነባሉ፤ የአማርኛ ፊደል ግን አልተማሩም።

«ዙቤዳ ልጄ፣ ቁጭ በይ። ይሄን አንብቢልኝ። እንዳትዘዪ።»

«ዩሱፍ ቢያነብልዎ አይሻልም ሐጂ?»

«ዩሱፍ ያፍረኛል፣ ይዘላል። አንቺ አፍሽ አያፍርም ይባላል።»

ሚስኪና እናቷ ጓዳ ናቸው። ትንፋሻቸው አይሰማም። ጀመርኩ። ያ ሁሉ የሳቅኩበት ዓረፍተ ነገር… «ከንፈሯ እንደ ረገፈ ጽጌረዳ»… ሌላ ቀን ቢሆን አፌን ይዤ እወጣ ነበር። ሐጂ ግን መቁጠሪያቸው ጣታቸው ላይ ቆመ።

«በሩ አረንጓዴ ነው ያልሽው?»

«አረንጓዴ ነው ሐጂ።»

«ቀጥይ።»

ያኔ ገባኝ። ሰውየው እየሰሙ ነው። ሚስት ያቃታት፣ ልጅ ያቃተው ሰው፣ ለዚህ ለእርባና ቢስ መጽሐፍ ጆሮ ሰጥተዋል። ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ቀስ አልኩ። እንደ ጉድ አነበብኩት።

ልትሞት ስትል ወለላ፣ «ወይ ዓለም፣ ወይ ጨካኝ ዕጣ!» ነው የምትለው። አባቷ አጠገቧ ተቀምጠው ከዓለም ጋር ምን አነጋገራት? ዐይኔ መጽሐፉ ላይ ነው፤ አፌ ግን ሌላ አለ።

«አባ፣ እርጥብ አጠና አልሸጥም፣ ቤት ገብቶ ይጣመማል ይሉ የለ? ታዲያ እኔን በእርጥቤ ለምን?»

የሐጂ የራሳቸው ቃል ነው። እጥፍ ዋጋ ቢሰጧቸው እርጥብ አጠና አይሸጡም። ተራው ሁሉ ያውቃል።

ተነሡ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ብዙ ቆሙ።

«ይበቃል። ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ምን አድርጌያለሁ? ወላሂ ፈራሁ።

ሰኔ 3

ሚስኪ በጠዋት መጣች። «ያ ሌባ ደራሲሽ…» ብዬ ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ግደላት ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«ያን ቀን፣ ፒያሳ። እምቢ አለኝ። እድራታለሁ ብያለሁ፣ አንባቢ ይጣላኛል አለ። ለመንኩት። አባ እማን አይሰሙም፣ ዩሱፍን አይሰሙም፤ ገበያ የሚያወራውን ግን ይሰማሉ አልኩት። በሩንም አረንጓዴ አድርገው ያልኩት እኔው ነኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትስቂብኛለሻ።»

…እስቅባት ነበር። አሁን እንኳ ልስቅ ስል ነው የተውኩት።

ያ ኮቱ የተጣፈ ሰውዬ ለማያውቃት ልጅ ብሎ የገዛ መጽሐፉን አበላሸ ማለት ነው? መጀመሪያም የተበላሸ ነበር። ቢሆንም…

መጽሐፉ አሁንም መጥፎ ነው። ይሄ ይጻፍልኝ።

ሰኔ 9

ከሱቅ ስመለስ ሐጂ መንገድ ላይ አስቆሙኝ።

«ዩሱፍን አስነበብኩት። ሁለት ጊዜ። የአጠናው ነገር የለም።»

የምገባበት ጠፋኝ። «የለም ሐጂ።»

«ከየት አመጣሽው?»

«ከእርስዎ።»

ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ሊቆጡ ነው ብዬ መሬት መሬት አያለሁ።

«እንዳትዘዪ ነው ያልኩሽ» አሉ። «እንዳትጨምሪ አላልኩም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ፈገግ አላሉም። ለጅማው ሰው ሽማግሌ መላካቸውን ነገሩኝ። ቃል ማጠፍ ከብዷቸዋል፤ ያስታውቃል፣ ፊታቸው ከስቷል። «ትማር። ስትጨርስ ራሷ ትናገራለች፣ ኢንሻአላህ።» ጥቂት ሄደው ዞሩ። «ያን ሰውዬ ካገኘሽው፣ መጥቶ በሬን ይቀባልኝ በይው። መንገደኛ ሁሉ እየቆመ ያየዋል።»

ቅዳሜ፣ መስከረም 19 ቀን 1966

አሥረኛ ክፍል ገባን። ሚስኪ አጠገቤ ናት። ጂኦግራፊ እንደ በፊቱ ነው።

ዛሬ ፒያሳ ሄድን። ሰውየው ኬክ እየበላ ነበር፤ ረመዳን መግባቱን ስንነግረው ደንግጦ ሳህኑን ከወንበሩ ሥር ከተተው። የሐጂን መልእክት ነገርኩት። ሳቀ፣ ከዚያ አማረረ። ወለላን ገደልክ ብለው የሚሰድቡት በዝተዋል። አንዲት የደሴ ልጅ «አንተ ነፍሰ ገዳይ» ብላ ጽፋለታለች። እንዲያ ሲያማርር ልቤ ራራለት… ትንሽ።

ሚስኪ አላስችላት ብሎ የአጠናውን ነገር አወራችው። ብዕሩን አወጣ።

«ያቺን ዓረፍተ ነገር ስጪኝ። እንደገና ሲታተም ላግባት።»

«አልሰጥም።»

«ለምን?»

«ትፈለጋለች።»

ሚስኪ ዞራ አየችኝ። ለእሷም አልነገርኳትም ነበር። ከነሐሴ ጀምሮ እኔም ልብወለድ እየጻፍኩ ነው። እሷ ማታ ማታ የምታነበውን ዓይነት አይደለም፣ የኔ ይለያል ብዬ ነበር… እንጃ።

አውቶቡስ ላይ፣ «ስለ ማን ነው?» አለች።

«ስለ አንዲት ቂል።»

«ትሞታለች?»

«አትሞትም። አባቷን ትረታለች፣ ትማራለች።»

ጥቂት አሰበች።

«ታዲያ ሰው ምኑ ላይ ያለቅሳል?»

ኮልፌ ወርደን፣ ቤቷ በር ደርሰን፣ ተለያየን። ቤት ስገባ የጻፍኩትን አውጥቼ የሚያስለቅስ ቦታ ፈለግኩ።