መብራት ከማጥፋትዎ በፊት ጉሮሮዎን ይጥረጉልን

ይህን ደብዳቤ በእጄ አልጻፍኩትም፤ ብዕሩን የያዘችው የግቢያችን ልጅ፣ ጎረቤቴ ሪሐና ናት። ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትም። ቃሉ የእኔ ነው፤ አንዲት ቃል እንዳታለዝብብኝ አስምያታለሁ።

ለተከበሩ የሰፈራችን የመብራት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ትንፋሽዎ ሙሉ ነው? ደረጃ ሲወጡ ደረትዎን አይዝዎትም? እንዲያ ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔም ደህና ነኝ። በእኔ ቤት ትንፋሽ ያጠራት ባለቤቴ ሀብትነሽ ናት፤ ሳንባዋ ደክሞ ከኦክስጅን ማሽን እንዳትለይ ሐኪም አዟል፣ ማሽኑ ደግሞ የሚሠራው በእርስዎ መብራት ነው። እንግዲህ ከፈጣሪ ቀጥሎ ደጅ የምንጠናው እርስዎን መሆኑን ይወቁልን።

አንደኛ፤ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። መብራት እየጠፋ ሚስቴን ሊገድልብኝ ነው ብዬ ቢሮዎ ስመጣ፣ ሠራተኛዎ ከመስኮቱ ኋላ ሆኖ «አባባ፣ ዘመኑ ሠልጥኗል፤ ለምን ፓወር ስቴሽን አይገዙም?» አለኝ። ዳቦ ቤት ሄዶ ዳቦ የጠየቀ ሰው «ቤትህ ጋግር» ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ በእርስዎ ዘመን ሰማሁ፣ ዕድሜ ይስጥዎ።

ምክር አልንቅምና ልጄ ፋኑኤል ደምበል አካባቢ ወዳለ ሱቅ ወሰደኝ። ፓወር ስቴሽን የሚሉት መያዣ ያለው ትልቅ የባትሪ ሳጥን ነው፤ መብራት ሲኖር ይጠጣል፣ ሲጠፋ ይሰጣል። ፋኑኤል ቀለል ያለችዋን፣ ባለ ቀለም መብራቷን ወደዳት፤ ሻጩም የተጻፈባትን ቁጥር እየጠራ አሞገሳት። እኔ ቁጥር አላነብም። እኔ ዕድሜዬን በጫኝነት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አህያ የሚገዛ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ በአንዴ ምን ያህል ትሸከማለች፣ ተሸክማስ የት ድረስ ትሄዳለች? ያን ዕለት ሀብትነሽ ሐኪም ቤት ተኝታ ስለነበር ማሽኗን ታቅፌ ሄጄ ነበር። ሻጩ ሳቀብኝ። ጫማ የሚገዛ ሰው እግሩን ቤት ትቶ አይሄድም አልኩት። ማሽኑን ቢሰኩት የፋኑኤል ቆንጆ ጮኸች፣ ጠፋች፤ የሻጩም ሳቅ አብሮ ጠፋ። ከዚያ ከባዱን፣ መልከ ጥፉውን ሳጥን አስወጣሁና ሱቁ ሊዘጋ እስኪል ድረስ ማሽኑን ሲሸከም ቆሜ አየሁት። እርሱን ገዛን።

ሁለተኛ፤ ማሽኑን ለክቼ ጎረቤቴን ሳልለካ ቀረሁ። ባለፈው ሳምንት እንደ ልማድዎ ድርግም ሲያደርጉት፣ ከአጥራችን ውጪ ያለው የመንገዱ ዘንባባ ከሥሩ እስከ አናቱ መብራት ተጠምጥሞበት ያብረቀርቅ ነበር፤ ስለ ዘንባባው ጤና እናመሰግናለን። በግቢያችን ግን ብርሃን የነበረው የእኔ ቤት ብቻ ነው። ሰው ስልኩን ይዞ መጣ። ማን ይከለክላል? ሀብትነሽ እንደሆነች እምቢ ማለት አልፈጠረባትም፤ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ እንዳለ በእጇ «ሰኩት፣ ሰኩት» ትላለች። ስልክስ ምንም አይደል። ሪሐናም ሕፃኗ በረሃብ ሲያለቅስባት ወተት ልትበጠብጥለት የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ መጣች፤ ሀብትነሽ ሰኪው አለቻት።

እዚህ ላይ ብዕሩ ቆሟል። ጻፊ ልጄ፣ መሐላሽ ትዝ ይበልሽ።

እኔ ደጅ ነበርኩ። ማንቆርቆሪያው ለሳጥኑ ከበደውና ሁሉንም ጣለው። ሳጥኑ ጮኸ፣ ማሽኑ ጮኸ፣ ሕፃኑ ጮኸ፤ ያልጮኸችው ሀብትነሽ ብቻ ነበረች። ስገባ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጣ ከንፈሯ አመድ መስሏል። ማንቆርቆሪያውን ነቅዬ ወደ ግቢው ወረወርኩት። የሳጥኑን ቁልፍ ስጫን ጣቴ ሳተው፣ ደግሜ ተጫንኩት፤ ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ፣ እርሷም ቀስ በቀስ ተመለሰች። ክቡርነትዎ፣ ያን ጊዜ ለሪሐና አንድ ቃል ተናግሬአለሁ። ያ ቃል ለእርስዎ የተዘጋጀ ነበር፤ አድራሻ ተሳስቶ በአንዲት አራስ ላይ ወደቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደጄን ረግጣ አታውቅም፤ ሀብትነሽም በየጠዋቱ በሩን ታያለች። ጸሐፊ አጥቼ አይደለም ዛሬ ሪሐናን ያስጠራሁት።

ሦስተኛ፤ «በቴሌግራም አሳውቀናል» ማለትዎን ሰምቼ ተደስቻለሁ። ማስታወቂያዎ መብራቱ ከጠፋ በኋላ፣ ባትሪው በሞተ ስልክ፣ ማንበብ ለማይችል ሽማግሌ ደርሷል። በእኛ አገር ሰው የሰው ቤት ሲገባ ከደጅ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እርስዎም ከማጥፋትዎ በፊት፣ ከዋዜማው ይጥረጉልን። መኪና በድምፅ ማጉያ ይለፍ፣ ለዕድራችን ለፋፊ ይነገር። እኛ ያን ጊዜ ሳጥኑን እናጠግባለን፣ ስልኩ ይሞላል፣ የሕፃኑ ውሃ ፈልቶ በፔርሙስ ያድራል። ማንም ከማንም ትንፋሽ አይቀማም። የምለምንዎ ይህንኑ ነው፤ መብራቱንማ ትቼልዎታለሁ።

ካዛንቺስ፣ ከፈረሳው ከተረፈችው ግቢ፣ የሚስቱን ትንፋሽ ጆሮው ላይ አስሮ የሚውለው አክባሪዎ ገብረሚካኤል። ፊርማዬ አውራ ጣቴ ነው፤ ጭነት ያወፈረው ስለሆነ ሰፊ ቦታ ይተዉለት።

ማሳሰቢያ፤ ይህ መልከ ጥፉ ሳጥን ኃይሉ ሊያልቅበት ሲል አስቀድሞ ይጮኻል። ማንም አልቀጠረውም፣ ወንበርም የለውም። ሠራተኞችዎን ሥልጠና መላክ ካሰቡ በሬ ክፍት ነው።

በቃ ሪሐና። አሁን ከመጀመሪያው አንብቢልኝ፤ ሀብትነሽ እንድትሰማ ጮክ በይ። ማንቆርቆሪያሽ ከአልጋው ሥር ነው፤ የጎበጠውን አቅንቼልሻለሁ።