በሹራብሽ የጠቀለልነው በረዶ

እህት ዓለም፣
ፈረቃዬ ደርሶ እየሮጥኩ ነው። ጉዱን ሳትጮኺ አንብቢው።

ገመዱ ላይ የተሰጣው ያ የምትሳሺለት ሹራብሽ ነው።
እንዳትጨምቂው።

ልጅሽ "ሹራብ ስለሚያሞቅ በረዶን ቶሎ ያቀልጣል" ብላ ተከራከረችኝ። አንዱን በረዶ ጠቀለልንበት፣ ሌላውን ሳህን ላይ ተውነው። የሳህኑ ውሃ ሲሆን የሹራቡ ገና ድንጋይ ነበር!
"እማዬ ሹራብ ያሞቃል ብላ ዋሸችኝ!" ብላ በሳቅ ፍርስ አለች። "ሙቀቱ ያንቺው የገላሽ ነው፤ ሹራብ ሙቀት እንዳይወጣም እንዳይገባም በር ይዘጋል እንጂ" አልኳት። ስንጨፍር ረሳነውና በረዶው እዚያው ቀለጠ።

"ለእናትሽ ንገሪያት" ስላት ግን ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ትናንት "በጥያቄ ጭንቅላቴን አዞርሽው" ብለሻታል።

ለሹራቡ ይቅርታ።

ማታ ቀድማ አትጠይቅሽም።
አንቺ ጠይቂያት።