ባዶ ቦታ ስለተባለው የእትዬ ውቢት ቤት

ለክቡር አቶ ይኸነው
የብሩህ ተስፋ አደባባይ ግንባታ አስተባባሪ
እንጅባራ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። በአደባባዩ ምረቃ ዕለት ንግግር ሲያደርጉ ዝናቡ በቀጥታ አናትዎ ላይ ይወርድ ስለነበረ፣ ከዚያም በኋላ ሁለት ሳምንት ቢሮ አልገቡም ሲባል ስለሰማሁ፣ ጉንፋኑ ለቆዎት፣ ድምፅዎም ተመልሶልዎት ይህን ደብዳቤ ሙቅ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው እንደሚያነቡት ተስፋ አደርጋለሁ። ለቤተሰብዎም ደኅንነትን እመኛለሁ።

ቀደም ሲል የጻፍሁልዎትን ሁለት ደብዳቤዎች በፖስታ አሽጌ ነበር የላክሁት። ሥራ የሚበዛበትን ሰው ፖስታ በማስቀደድ ማድከሜ ኋላ ላይ ስለጸጸተኝ ይህኛውን ክፍት አድርጌ ጽፌዋለሁ። ከተማው አንብቦ ሲጨርስ እርስዎም ዘንድ መድረሱ አይቀርም።

ተሻገር እባላለሁ። የእንስሳት ሐኪም ረዳት ነኝ፤ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። ዕድሜዬን የዚህን አገር ፈረስ ሰኮና ስመለከት የኖርሁ ሰው በመሆኔ ስለ አደባባይ ውበት ምን ያውቃል ቢሉኝ አልቀየምም። የማውቀው ነገር አንድ ነው፤ ዛሬ ፏፏቴው የቆመበት ቦታ ላይ ቤት ነበር። ስለዚያ ቤት ያለኝን ምስጋናና ቅሬታ እንደ ደንቡ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. በምረቃው ዕለት «ይህ ስፍራ ከዚህ በፊት ለማንም ያልጠቀመ ባዶ ቦታ ነበር» ብለው ስለተናገሩ፣ ይህንኑም በእብነ በረድ ላይ ስላስቀረጹ በቅድሚያ አመሰግናለሁ። እኔ ወጣትነቴን እዚያ የጨረስሁ ሰው ነኝ። ከዚያ ዕለት ወዲህ ሚስቴ «የት ነበርህ?» ብላ የጠየቀችኝ የድሮ ጥያቄዎች ሁሉ መልስ አግኝተዋል፤ ባዶ ቦታ ነበርሁ።

ባዶው ቦታ እንዲህ ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መካከሉ ላይ ፍሙ የማይጠፋ ምድጃ፣ ዙሪያውን ረጃጅም አግዳሚ ወንበር። ሰሌዳ አልነበረውም፤ ሰው ሁሉ እትዬ ውቢት ቤት ነበር የሚለው። በሩ ላይ ከጥርባና ከጥሊሊ በኩል የመጡ ሰዎች ፈረሶቻቸውን የሚያስሩበት የባሕር ዛፍ አጥር ነበር። እኔም መጀመሪያ ወደዚያ የሄድሁት ለጠጅ አልነበረም፤ ከታሰሩት ፈረሶች አንዱ አንክሶ ተጠርቼ ነው። ሰኮናው ውስጥ የተሰካውን ጠጠር አውጥቼ እጄን ስታጠብ እትዬ ውቢት ብርሌና አንድ ሳህን ቅቅል ድንች ከአዋዜ ጋር አስቀመጡና «በዚህ ብርድ ማንም ከበሬ ላይ አይመለስም፤ ቁጭ በል» አሉኝ። ቁጭ አልሁ። የተነሣሁት ካቻምና የእርስዎ ዶዘር ሲመጣ ነው።

እትዬ ውቢት ከገጠር የመጣውን በአውንጊ፣ የመንግሥት ሠራተኛውን በአማርኛ ያስተናግዱ ነበር። ሲቆጡ ግን ለሁሉም በአውንጊ ነበር፤ ቋንቋውን የማያውቀውም ያን ጊዜ በደንብ ይገባው ነበር። አንድ ሕግ ነበራቸው። የእንጅባራ ዝናብ ያን ቆርቆሮ መምታት ሲጀምር ጎን ለጎን የተቀመጠ ሰው አይሰማማም፤ ወሬው ይቆማል፣ ቴፑ ይዘጋል። በዚያ ምሽት የተጣሉ ሁለት ሰዎች ካሉ እትዬ ውቢት አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጧቸውና ዝናቡ እስኪያባራ መነሣት የለም። እኔና ጓደኛዬ ደረሰ፣ ያኔ የጭነት መኪና ረዳት የነበረው፣ በአንዲት ቆንጆ ምክንያት ተጣልተን ሁለት ሰዓት ተኩል እንደዚያ ተቀምጠናል። ተሳድበን እንዳንጨርሰው አንሰማማም። ተነሥተን እንዳንሄድ እትዬ ውቢት በር ላይ ቆመዋል። መጨረሻ ላይ ደረሰ ድንቹን ገምሶ ሰጠኝ። ሲያባራ ሁለታችንም ንዴታችን ወጥቶልን ነበር፤ ቆንጆዋም ከአንድ የባንክ ሠራተኛ ጋር ወጥታ ነበር።

2ኛ. ስለ አዲሶቹ የሲሚንቶ ወንበሮች አመሰግናለሁ። ከዓመቱ ግማሽ በላይ በሚዘንብበት ከተማ ጣሪያ የሌለው መዝናኛ ማሰብ ድፍረት ይጠይቃል። ወንበሮቹ ላይ ቀኑን ሙሉ ውኃ ተቀምጦባቸው አያለሁ። ፏፏቴውም መብራት ሲኖር ከታች ወደ ላይ፣ መብራት ሲጠፋ እንደ ጥንቱ ከላይ ወደ ታች ይሠራል፤ አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም።

3ኛ. ይህ ከቅሬታ ይልቅ ጥያቄ ነው። በዚያ ዘመን ከዳንግላ ተቀጥሮ የመጣ ይኸነው የሚባል ቀጭን ወጣት ጸሐፊ ነበር። የመጣ ዕለት መሽቶበት፣ ዝናብ መትቶት፣ በአንድ እጁ ሻንጣ በሌላው ጫማውን ይዞ እትዬ ውቢት ቤት ገባ። የሚከራይ ክፍል እስኪያገኝ ድረስ ዐሥራ አንድ ሌሊት ከምድጃው አጠገብ አግዳሚው ላይ ተኛ፤ የሚለብሰው ጋቢ የእትዬ ውቢት ነበር። ክፍል ያገኘ ዕለት የቢራ ሳጥን ላይ ወጥቶ «ይህ ቤት እናቴ ነው» የሚል ንግግር አደረገ፤ ብርሌያችንን አስቀምጠን አጨበጨብንለት። እኔና እሱ ከዚያ በኋላ ለዓመታት «አንተ» ስንባባል ኖረናል። ክቡርነትዎ ይህን ሰው ያውቁት እንደሆነ፣ ወይስ የስም መመሳሰል ብቻ እንደሆነ ቢገልጹልኝ ደስ ይለኛል።

4ኛ. ስለ ምረቃው ሥነ ሥርዓት። እትዬ ውቢት ዛሬ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ቤታቸው ከፈረሰ ወዲህ የሚኖሩት ከእኅታቸው ልጅ ጋር ነው። አደባባዩ ሊመረቅ ነው ሲባል ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ከመነሣታችን ከሰዓታት በፊት ተዘጋጅተው ጠበቁኝ። በባጃጅ ወሰድኋቸው። የተጠሩትን እንግዶች ከሕዝቡ የሚለየው ገመድ ጋ ስንደርስ ጥበቃው የጥሪ ካርድ ጠየቀን። እሳቸውም ጣታቸውን ወደ ፏፏቴው ቀስረው «ልጄ፣ ምድጃዬ እዚያ ጋ ነበር። አይቼው ልመለስ ነው» አሉት። ጥበቃው ትሑት ሰው ነበር፤ ይቅርታ ጠይቆ ከለከለን። ስለዚህ ከገመዱ ውጭ ቆመን ንግግርዎን ሰማን። «ባዶ ቦታ» ያሉት ያን ጊዜ ነው።

እትዬ ውቢትን በባጃጅ መልሼ ወሰድኋቸው። በራቸው ላይ ስንደርስ እጄን ያዙና «ተሻገር፣ እኔ እዚያ አርባ ዓመት ምን ስሠራ ነበር?» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ወሬ የማያልቅብኝ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ግን «ደኅና ይደሩ» ብቻ ብዬ ተለየኋቸው። ቤቴ ገብቼ እስኪነጋ አልተኛሁም፤ ሲነጋ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፍሁልዎት።

5ኛ. ስለ ሰጡኝ ፈጣን ምላሽም አመሰግናለሁ፤ የወሰደው አራት ወር ብቻ ነው። በደብዳቤዬ የጠየቅሁት ከእብነ በረዱ ላይ «ባዶ» የምትለው ቃል እንድትነሣ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ «በተጠቀሰው ቦታ ቤት ስለመኖሩ ማስረጃ ያቅርቡ» ብሎ መለሰልኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አፍራሹ አካል ምን እንዳፈረሰ ካላወቀ መጠየቅ አለበት።

ማስረጃ ፍለጋ ደረሰ ቤት ሄድሁ። ደረሰ ዛሬ የራሱ ሚኒባስ አለው፤ ወደ ጥሊሊ ይሠራል። የሚስቱን ሣጥን ገልብጠን አንድ ፎቶ አገኘን። ፎቶው ላይ የእትዬ ውቢት ቤት ሙሉ በሙሉ ይታያል፤ ቆርቆሮው፣ አጥሩ፣ የታሰረ ዳማ ፈረስም ጭምር። በሩ ላይ አራት ሰዎች ቆመናል፦ እትዬ ውቢት፣ ደረሰ፣ እኔ፣ እንዲሁም በግራ በኩል እጁን በእትዬ ውቢት ትከሻ ላይ ጣል ያደረገ ቀጭን ወጣት። ከሁለተኛው ደብዳቤ ጋር አያይዤ ላክሁልዎት። ከሁለት ወር በኋላ በእርስዎ ፊርማና በጽሕፈት ቤቱ ማኅተም የደረሰኝ መልስ ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «የቀረበው ፎቶ የተመረመረ ሲሆን በግራ በኩል የቆመው ግለሰብ ማንነት ስላልተረጋገጠ ማስረጃው ተቀባይነት አላገኘም።»

ይህን ወረቀት እስከ ዛሬ በክብር አስቀምጬዋለሁ። ሰው የራሱን ማንነት ማረጋገጥ እንዳልቻለ በማኅተም ሲያረጋግጥ ያየሁት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ነው።

ይህ ሁሉ የሆነውን ልነግርዎት እንጂ ልወቅስዎት አይደለም። ቀጥሎ የሆነውም በእርስዎ ምክንያት ስለሆነ ማወቅ ይገባዎታል። ያን መልስ ይዤ እትዬ ውቢት ዘንድ ሄድሁ። ይከፋቸዋል ብዬ ፈርቼ እየዘለልሁ ሳነብ «አትዝለል» አሉኝ። አነበብሁላቸው። «ማንነቱ አልተረጋገጠም» የሚለው ጋ ስደርስ አስደገሙኝ። ከዚያ ከምረቃው ወዲህ ያልሰማሁትን ሳቅ ሳቁ፤ በነጠላቸው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ድረስ። ሲበቃቸው «ቅዳሜ ድንች እቀቅላለሁ። ለደረሰ ንገረው፤ መኪናውን ያምጣ» አሉኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደረሰ በሚኒባሱ ድስቱን፣ አዋዜውን፣ ሁለት ፔርሙስና እትዬ ውቢትን ጭኖ አደባባዩ ጋ አወረደ። በፔርሙሱ ውስጥ ያለው ሻይ ነው ብለን ተስማምተናል፤ እርስዎም ባይመረምሩት እመርጣለሁ። እትዬ ውቢት ዙሪያውን አዩና ምድጃቸው የነበረበትን ለይተው በጣም የቀረበው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዝናቡ ጀመረ። ጃንጥላ ዘረጋን። የድሮ ደንበኞች አንድ ሁለት እያሉ መጡ፤ ሁሉም ጃንጥላውን ካጠገቡ ሰው ጃንጥላ ጋር እያገናኘ ቆመ።

ያ ገመዱ ጋ የመለሰን ጥበቃ መጣ፤ ፀጋው እንደሚባል ያን ዕለት ነው ያወቅነው። «እዚህ መሰብሰብ ፈቃድ ያስፈልገዋል» አለ። እትዬ ውቢት ቀና ብለው አዩትና በአውንጊ ተቆጡት። ከዚያ አንድ ትልቅ ድንች ለሁለት ከፍለው አዋዜ ቀብተው ሰጡትና በአማርኛ «መጀመሪያ ብላ፤ ከዚያ ትከለክላለህ» አሉት። በላ። ሁለተኛም በላ። የመከልከያው ሰዓት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም፤ ሲመሽ ያየሁት የእትዬ ውቢትን ጃንጥላ ይዞላቸው ቆሞ ነው።

እነሆ አምስት ወር ሆነን፤ አንድም ቅዳሜ አልቀረንም። መጀመሪያ ዘጠኝ ነበርን፤ አሁን ድስቱ ሁለት ሆኗል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ይመጣሉ። ያለፈውን ዘመን ሲጠይቋቸው እትዬ ውቢት ስለማን እንደሚያወሩ ስም አይጠሩም፤ በዚህ በኩል ክቡርነትዎ ስጋት አይግባዎት።

በመጨረሻም የእብነ በረዱን ጥያቄዬን ከእንግዲህ መተዌን ላሳውቅዎት እወዳለሁ። ድንጋይ መፋቅ ወጪና ድካም ነው፤ አስፈላጊም አልሆነም። ባለፈው ሳምንት ከሐኪም ቤቱ ወጥቼ ባጃጅ ስጠብቅ አንድ ሾፌር፣ ያን ቤት በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ልጅ እግር ሰው፣ ወደ ብሩህ ተስፋ አደባባይ የሚሄድ ተሳፋሪ ሲጠራ «ውቢት! ውቢት! አንድ ሰው የቀረው፣ ውቢት!» ይል ነበር። ገባሁ። ያችኑ ዕለት ሄጄ ነገርኋቸው። እትዬ ውቢት ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉና «እንዴት ብሎ ነው የጠራው? እስቲ ድገመው» አሉኝ። ደገምሁላቸው፤ እንደ ሾፌሩ ጮክ ብዬ።

ለትዕግሥትዎ፣ ለማኅተምዎ፣ ሳያስቡት ላደረጉልን ሁሉ ከልብ እያመሰገንሁ፣ ሥልጣንዎ እንዲረዝም ጉንፋንዎ እንዲያጥር እየተመኘሁ፣ ከማይረጋገጠው ወጣት ጋር በአንድ ምድጃ ዙሪያ የሞቅሁ፣ ለክብርዎ ምንጊዜም ባርኔጣዬን የማነሣ፣

ተሻገር
የፈረስ ሐኪም ረዳት፣ የባዶ ቦታ ነባር ነዋሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ የጽሕፈት ቤትዎ የዘንድሮ መጽሔት ደረሰኝ። ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶ የእኛ ቅዳሜ ነው፤ «የአደባባዩ ተጠቃሚዎች በከፊል» የሚል ተጽፎበታል። አደባባዩ በሰው መወደዱን ለማሳየት ሌላ ፎቶ ስላልተገኘ እኛን በመጠቀምዎ ኮርተናል። እትዬ ውቢት መካከል ላይ ድስታቸውን ይዘው ጎላ ብለው ይታያሉ። ሽፋኑን ብዙ ካዩት በኋላ እርስዎን ፈልገው ስላጡ ቅር ብሏቸዋል፤ «ምነው እሱ ቀረ? ይምጣ እንጂ፤ ጠጋ ጠጋ እንላለን» ብለዋል። ጃንጥላ ይዘው ይምጡ።