የወይዘሮ ፀጋ ገጀራ እንዲመለስ ስለ መጠየቅ

ለተከበሩ አቶ ጓንጉል
የጓሮ ልማት መሣሪያና የአደጋ መከላከያ አልባሳት መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ዲላ

ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የኮሚቴው አባላት፣ የስብሰባው ወንበሮች፣ የኮንቴይነሩ ቁልፍና ቁልፉ የሚንጠለጠልበት ምስማር ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ በሥርዎ የተመዘገብን ሠላሳ አባወራና እማወራ ጓሮ አልሚዎች፣ ባዶ እጃችንን ከመቅረታችን በቀር፣ ደህና ነን። ዝናቡም ዘንድሮ አልከፋብንም። እንሰቶቻችን ግን ደህና አይደሉም፤ ስለ እነሱ ዝቅ ብዬ አመለክታለሁ።

ደብዳቤዬን በአደባባይ በመጻፌ ድፍረት አድርገው እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ከዚህ በፊት ሦስት ማመልከቻ በፖስታ አሽጌ አስገብቼ ነበር። ባለፈው ሳምንት ስጠይቅ ሦስቱም እንደ ታሸጉ በክብር መቀመጣቸውን ስለ ተረዳሁ፣ ይህኛውን የመክፈት ድካም እንዳይኖርብዎ ክፍቱን ልኬዋለሁ።

እንደሚያስታውሱት ባለፈው ሚያዝያ በቀበሌያችን አዳራሽ ሰብስበውን፣ ለጓሮ ሥራ ምን ዓይነት መከላከያ ልብስና ምን ዓይነት የመሣሪያ ማስቀመጫ እንደሚበጀን ራሳችን እንድንመርጥ ጠይቀውናል። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር እኔን የጠየቀኝ አለቃ ስላልነበረ፣ እንባዬ ሊመጣ ነበር። ያን ቀን እጅ አውጥተው የተናገሩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ጎረቤቴ ወይዘሮ ፀጋ። “እኔ እጄ ትንሽ ነው፣ በእጄ ልክ የሆነ ጓንት ስጡኝ። ለገጀራዬ ደግሞ ዝናብ የማያስገባ ሳጥን በሬ ላይ ይሰቀልልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግ፣ ጌታ ይባርካችሁ” ብለው ተቀመጡ። እኛም አጨበጨብን። በኋላ የተለጠፈውን ቃለ ጉባኤ ሳነበው “ተሳታፊዎች ኮሚቴው ለሚመርጠው ሁሉ ያላቸውን ድጋፍ በጭብጨባ ገልጸዋል” ይላል። ጭብጨባችን ከንግግራችን ይልቅ የተሰማ በመሆኑ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ልግባ።

1ኛ. በሰኔ የደረሱን አልባሳት ጥራታቸው የሚያጠያይቅ አይደለም። ቦት ጫማው ሁሉ አርባ አራት ቁጥር ነው። የወይዘሮ ፀጋ እግር ሠላሳ ስድስት በመሆኑ፣ በአንዱ ጫማ ሁለቱም እግሮቻቸው ገብተው ለእንግዳ ቦታ ይተርፋል። ጓንቱ የብረት በያጆች ነው፤ በእሱ የጎመን ችግኝ ይዞ መትከል በቡጢ መርፌ ላይ ክር እንደ ማስገባት ያለ ጥበብ ይጠይቃል። መነጽሩ ጥቁር በመሆኑ አረሙና ጎመኑ እኩል ሆነው ይታያሉ፤ ይህን ለእኩልነት የተደረገ ጥረት አድርገን ተቀብለነዋል። ስለ ቢጫው የራስ ቁር ግን አንድ ቃል አልተነፍስም። ብዙዎች ሲስቁበት እኔ ዝም ያልኩት፣ ጓሮዬ ያለው የአቮካዶ ዛፍ በሐምሌ አንድ ፍሬ አናቴ ላይ ጥሎብኝ ስለ ነበር ነው። እርግጥ በዚያ ሰዓት ቁሩ ኮንቴይነሩ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር።

2ኛ. ስለ ኮንቴይነሩ። በእያንዳንዳችን በር ላይ ሊሰቀል በታሰበው ትንሽ ሳጥን ፈንታ፣ አንድ ትልቅ የብረት ኮንቴይነር መጥቶ ቀበሌው ግቢ ውስጥ ተቀመጠ። “መሣሪያ በየቤቱ መቀመጡ ለዝገት፣ ለስርቆትና ለብክነት ይዳርጋል” በሚለው መመሪያዎ መሠረት፣ አዲስ የመጡት ብቻ ሳይሆኑ ከአባቶቻችን የወረስናቸው ዶማ፣ ገጀራና የእንሰት መፋቂያዎች ጭምር ተሰብስበው ገቡ። እርግጥ ስርቆት ቀርቷል፤ ራሳችንም ልንወስዳቸው አልቻልንምና። ኮንቴይነሩ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይከፈታል፣ በስድስት ለምሳ ይዘጋል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደመላሽ ስብሰባ ከሌለው ይከፈታል። ደመላሽ ማለት የንብረት ሠራተኛዎ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም፣ የተጻፈለትን ይፈጽማል። አረሙ ብቻ የቢሮ ሰዓት እንዲያከብር እስካሁን የደረሰው ደብዳቤ የለም።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን መሣሪያዎቹ በተራ የሚወጡ መሆናቸው ነው። እኔ መጀመሪያ በተራ የምንወጣው እኛ መስሎኝ ነበር። ደመላሽ ሲያስረዳኝ፣ አንዱ ገጀራ በሥራ ብዛት ከሌላው ቀድሞ እንዳያልቅ፣ ሁሉም እኩል እንዲያረጁ ተራ ተይዞላቸዋል። ስለዚህ ሰው የራሱን መሣሪያ አያገኝም፤ ተራው የደረሰውን መሣሪያ ያገኛል። ለገጀራ የታሰበው ይህ ፍትሕ አንድ ቀን ለሰውም እንደሚደርስ ተስፋ አደርጋለሁ።

3ኛ. አሁን ወደ እንሰቱ መጣሁ፤ ከዚህ በኋላ ትሕትናዬ ቢሰነጠቅ ይቅርታዎን አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

አጠውልግ የሚባለው የእንሰት በሽታ ከጓሮ ጓሮ የሚሄደው በስለት እንደሆነ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። የታመመ ተክል የነካ ገጀራ በእሳት ሳይለበለብ ጤነኛውን ከነካ፣ ጤነኛው አለቀለት። ይህንኑ የሚያስረዳ፣ ሥዕል ያለበት፣ “መሣሪያዎን ከጎረቤት ጋር አይቀያየሩ” የሚል ማስታወቂያ አሳትመው አድለውናል። ከቅጂዎቹ አንዱ ዛሬም በኮንቴይነሩ በር ላይ ተለጥፎ ይነበባል። በሩ ሲከፈት ማስታወቂያው ወደ ግድግዳው ይዞራል።

ወይዘሮ ፀጋ ይህን ያወቁት ማስታወቂያው ከመታተሙ በፊት ነው። ገጀራቸውን እሳት ሳያሳዩ አንድ ቅጠል ቆርጠው አያውቁም። እጀታው ላይ ሦስት የተቃጠሉ ቦታዎች ያሉት ለዚህ ነው፤ ከሩቅ ይለያል። መስከረም ላይ፣ ከእንሰቱ ሥር ላለው ጎመን ብርሃን እንዲገባ የደረቁትን ቅጠሎች ሊያነሱ ፈልገው ወደ ኮንቴይነሩ ሄዱ። እኔም ዶማ ልወስድ ተሰልፌ ስለ ነበር የሆነውን ሁሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ደመላሽ ከክምሩ ላይ አንድ ገጀራ አንስቶ ሰጣቸው። ከታችኛው መንደር ያን ጠዋት የተመለሰ ነው፤ ስለቱ ላይ የደረቀ የእንሰት ጭማቂ ይታይ ነበር።

“የኔ ልጅ፣ የራሴ እኮ ያውና ጥጉ ላይ፣ እሱን ስጠኝ” አሉት።

“እማማ፣ የእሱ ተራ ገና ነው።”

“እሺ ይሄን እሳት ላሳየው?”

“ኧረ እንዳያደርጉት! ጥላሸት ካየሁበት ጉዳት ብዬ ነው የምመዘግበው። ከዚያ ከዝርዝሩ ይሰረዛሉ፣ ችግኝም አያገኙም። እኔ አይደለሁም፣ መመሪያው ነው።”

ወይዘሮ ፀጋ ሕግ አክባሪ ሰው ናቸው፤ የጎዳቸውም እሱ ነው። ገጀራውን እቤታቸው ወስደው በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠቡት። ከዚያ ዘጠኙንም እንሰቶች ከዳር እስከ ዳር አጸዱ። ገጀራውን በሰዓቱ፣ ንጹሕ አድርገው መለሱ፤ ደመላሽም “ያለ ጉዳት ተመልሷል” ብሎ ፈረመላቸው።

በጥቅምት የሁለቱ የመሐል ቅጠል ቢጫ ሆኖ ተንጠለጠለ። ሲቆረጥ ያንኑ የምናውቀውን የአጠውልግ ቢጫ ፈሳሽ አወጣ። ከዚያ አራት ሆኑ፤ ከዚያ ስድስት።

4ኛ. የታመመውን ነቅሎ መቅበር እንደሚገባም ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ነገር ግን ባለሙያ ሳያረጋግጥ መንቀል ተከልክሏል፤ ባለሙያው ደግሞ ለልምድ ልውውጥ ሄዷል። ዶማዎቹም አብረውት ሄደዋል፤ በኤግዚቢሽን ላይ በነጭ ጨርቅ ላይ ተደርድረው የተነሡትን ፎቶ አይቻለሁ፣ ያምራሉ። ኮንቴይነሩ ውስጥ በዚያ ወቅት፣ ከገጀራና ከመፋቂያ በቀር፣ የቀሩት የራስ ቁሮች ብቻ ነበሩ።

እዚህ ላይ በራሴም ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ቁጥር ልሰጠው አፍሬ እንጂ አምስተኛ ይሆን ነበር። ባለሙያውና ዶማዎቹ በቆዩባቸው ሦስት ሳምንታት ገበያ ወጥቼ አንድ አዲስ ዶማ መግዛት ሲገባኝ፣ እኔ ሦስት ማመልከቻ ጻፍኩ። ሦስቱም ላይ መግቢያ፣ ሐተታና ማጠቃለያ አለ። የተማረ ሰው ጎረቤት ማግኘት ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። ዶማውን ገዝቼ ስመጣ ስምንቱ ሄደው ነበር። ክልከላውንም ረስተን፣ እኔ ስቆፍር ወይዘሮ ፀጋ እየጎተቱ ቀበርናቸው። ከዝርዝሩ ለመሰረዝ ይህ በቂ ከሆነ፣ ስሜ ከስማቸው በላይ ይጻፍልኝ።

የቀረችው ዘጠነኛዋ ናት፤ ትልቋ። ወይዘሮ ፀጋ ይህችን የተከሏት ልጃቸው ሮሆቦት አሥረኛ ክፍል በነበረች ጊዜ ነው። ያኔም “ይቺ የአራስነትሽ ናት” ብለዋት፣ ልጅቷ አፍራ ሮጣለች። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በችግርም በቅንጦትም፣ ማንም አልነካትም። ሮሆቦት አሁን የመጀመሪያ ልጇን በጥር ትወልዳለች፤ ከዚህች እንሰት የሚወጣው ቡላ የአራስ ገንፎዋ ነው። ቡላ ገበያ ላይ እንደሚሸጥ አውቃለሁ፣ ወይዘሮ ፀጋም ያውቃሉ። ግን እናት ስድስት ዓመት ጠብቃ ለአራስ ልጇ የሰው ጓሮ ቡላ የምታቀርብበትን ፊት የሚሸፍን መከላከያ፣ ኮሚቴዎ ካመጣቸው አልባሳት መካከል ፈልጌ አጣሁ።

ለዘጠነኛዋ ያልተደረገ ነገር የለም። ወይዘሮ ፀጋ ሳትታመም ቆርጠው፣ ቡላዋን ለማውጣት ቀድመው ሊፍቋት አስበው ነበር፤ ነገር ግን መፋቂያቸውም ገጀራቸውም ኮንቴይነሩ ውስጥ ተቆልፎ ነው። የተዋሱት ስለት ደግሞ እንዲነካት አልደፈሩም። ስለዚህ ማንም ብረት ይዞ እንዳይጠጋት አጥር ሠሩላት። አጥሩ የተሠራው ከአርባ አራት ቁጥር ቦቶች፣ ከበያጅ ጓንቶችና ከኮንቴይነሩ በተራ ከወጣ አንድ ቢጫ የራስ ቁር ነው፤ በእንጨት ላይ ተሰክተው በዙሪያዋ ቆመዋል። ለሪፖርትዎ ይጠቅም እንደሆነ፣ የአደጋ መከላከያ አልባሳቱ በመንደራችን ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋሉት በዚህ ቦታ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ፀጋ በግቢያችን አጥር በኩል ጠሩኝ። “ቲቸር፣ እስቲ ይዩልኝ፤ ዓይኔ ደክሞ እንደሆነስ?” አሉኝ። አየሁ። የመሐሉ ቅጠል ጫፉ ላይ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ጎንበስ ብሏል።

“ዓይንዎ ደክሞ ነው” አልኳቸው። እሳቸውም “እንግዲያው እሺ” ብለው ገቡ። ሁለታችንም ያየነውን እናውቃለን።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። አዲስ ጓንት አልጠይቅም፤ በር ላይ የሚሰቀለውንም ሳጥን ትተነዋል። የወይዘሮ ፀጋ ገጀራ፣ እጀታው ላይ ሦስት የተቃጠሉ ቦታዎች ያሉት፣ ተራው ሳይደርስም ቢሆን ይመለስላቸው። ዘጠነኛዋ መውደቋ ካልቀረ፣ በገዛ እጃቸው፣ በገዛ ገጀራቸው ቆርጠው ይቅበሯት። ለእንሰቷ የሚጠቅማት ነገር የለም፤ ለሴትዮዋ ግን ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው።

በሥራ ብዛት የተጣበበውን ጊዜዎን ስለ ወሰድኩ አዝኜ፣ ፈጣሪ ኮሚቴዎን ከዝገት፣ ከስርቆትና ከብክነት እንዲጠብቅልን እየለመንኩ፣ ጓሮዎ ለምለም፣ እጅዎ ከአፈር የራቀ፣ ቁልፍዎ ያልጠፋ ይሁንልዎ እያልኩ፣ ከጉልበቴ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ፣
ወልደዮሐንስ ሙሉካ
ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር፣ የአንድ ዶማ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለንብረት ሠራተኛው ለአቶ ደመላሽ (ለማወቅ ያህል፤ አልተቀየምኩትም)
ለኮንቴይነሩ በር፣ ከማስታወቂያው ጎን

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ደመላሽ በበሬ ሲያልፍ መልካም ዜና ነገረኝ። የኮንቴይነር አሠራራችን ውጤታማ ሆኖ በመገኘቱ ወደ ዱመርሶ፣ ወደ ኮንጋና ወደ ገደብ እንዲሰፋ ተወስኗል። ለጅማሬ እንዲሆናቸውም የእኛው መሣሪያዎች ትናንት በመኪና ተጭነው ሄደዋል። እንኳን ደስ አለዎ። የወይዘሮ ፀጋም ገጀራ ተራው ደርሶ ከተጫኑት ጋር መውጣቱን ከመዝገቡ አሳይቶኛል፤ በሽታ ከነካቸው ስለቶች ጋር ተከምሮ፣ ኮንጋ ነው የወረደው። እንግዲህ ጥያቄዬን አንስቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይለመኑኝ፤ ለእኛ ሳይሆን ለኮንጋ ሰዎች። እዚያ ለሚረከበው ሰው ይደውሉለትና፣ ማንም ጓሮ ይዞት ሳይገባ በፊት፣ እሳት ያሳየው።