ልጄ የማትሸጠው የነቀዝ ዱቄት

ጌዶ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ከረምሽ? ከኢድ ወዲህ ጨጓራሽ ተሻለሽ? ምሳሽን በሰዓቱ ትበያለሽ ወይስ አሁንም በሻይ ነው የምትውይው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ከደረጃ ጋር ተጣልቷል። ስልክ ስደውል «ስብሰባ ላይ ነኝ» እያልሽ ስለምትዘጊብኝ ይህን በወንድምሽ በሙስጠፋ እጅ ልኬልሻለሁ። ወረቀት መሃል ላይ አይዘጋም። ፊደል ላስቆጠሩኝ ለእትዬ ወለተማርያም እንዲያርሙልኝ አልሰጠኋቸውም፤ ነገሩ ያንቺና የኔ ነው። ስህተት ብታገኚ እለፊው።

ሙስጠፋ እንደነገረኝ፣ ዩኒቨርሲቲያችሁ ምርምራቸውን ወደ ገበያ ለሚያወጡ መምህራን ክፍልና መፍጫ ማሽን ይሰጣል። ለአንቺም ፎርሙ ደርሶሽ ጠረጴዛሽ ላይ አስቀምጠሽዋል፤ እስከ ረቡዕ ካልፈረምሽ ክፍሉ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ለኢድ መጥተሽ ሦስት ቀን ስትበይ ስትተኚ አንድ ቃል አልተነፈስሽም። ደውዬ ስጠይቅሽ «እማዬ፣ እኔ ተመራማሪ ነኝ እንጂ ነጋዴ አይደለሁም» ብለሽ ዘጋሽው። ነጋዴ አይደለሁም! ታዲያ እኔ እህል ቤቱ በር ላይ ሠላሳ ዓመት የተቀመጥኩት ንፋስ ልቀበል ነው?

ዱቄትሽ ምን እንደደረሰበት ልንገርሽ። ኅዳር ላይ ቀበሌው አዳራሽ ገበሬ ሰብስበሽ አሠለጠንሽ፤ ከብሳና ቅጠል የሠራሽውን የነቀዝ ማጥፊያ ዱቄት በነጻ አደልሽ። አበላቸውን ተቀብለው ዱቄቱን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጥለውት ወጡ። ጎረቤታችን ጋዲሴ የደረሳትን ለዶሮ ቅማል ነሰነሰችው። ምነው ብላት «ደህና ነገር ቢሆን በነጻ ይሰጡን ነበር?» አለችኝ። አንቺ ግን ሪፖርትሽ ላይ «ለስልሳ አርሶ አደሮች ተሰራጨ» ብለሽ ጻፍሽ።

የተጣለውን ከወንበር ሥር የለቀምኩት እኔ ነኝ። በገበያ ቀን ከበቆሎው አጠገብ ዘርግቼ ሸጥኩት። አዎ፣ ሳላስፈቅድሽ ሸጥኩት። ማን ገዛኝ? ጥለውት የሄዱት ራሳቸው! ኦቦ ዓብዲሳ ዋጋ ላስቀንስ ብሎ ግማሽ ቀን ሲጨቃጨቀኝ ዋለ። ገንዘቡን ካወጣ በኋላ ግን ዱቄቱን አንዲት ቅንጣት ሳያፈስ ከበቆሎው ጋር አሸው። ሰሞኑን ጆንያውን ሲፈታ አንድ ነቀዝ አላገኘም።

አሁን «አዴ፣ ቲ ሰዲ ጂራ?» እያሉ ቲ ሦስት ፍለጋ በሬን ያንኳኳሉ። ከረጢቱ ላይ የሙከራ ቁጥሩን «ቲ-3» ብለሽ ስለጻፍሽበት የዱቄቱ ስም መስሏቸዋል። ሌላ ስምማ መቼ አወጣሽለት! እህሉ ከመፈጨቱ በፊት ይነፋ፣ ይታጠብ የሚል እንኳ አልጻፍሽበትም፤ ለእያንዳንዱ በአፌ የምነግረው እኔ ነኝ። አልቋል ስላቸው «ልጅሽ አይደለች የምትሠራው? ምን እያደረገች ነው?» ይሉኛል። አሥራ አንድ ገጽ ጽፋ አረፈች ልበላቸው? ያውም በእንግሊዝኛ! እኔ በስተርጅና ፊደል ቆጥሬ፣ መነጽር ገዝቼ፣ የልጄን ጽሑፍ ብገልጠው ያወቅኩት ሥዕሉን ብቻ ነው። ነቀዙን። እሱን ደግሞ ከአንቺ በፊት አውቀዋለሁ።

ባልደረቦችሽ «ዶክተር ዱቄት» እያሉ እንደሚስቁብሽ ሙስጠፋ ነግሮኛል። ይሳቁ! የነሱ ሳቅ ነቀዝ ይገድላል?

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የካቲት ላይ አምቦ በተደረገው ዐውደ ርዕይ፣ ዱቄት የነካውንና ያልነካውን በቆሎ በሁለት ጆንያ ይዤልሽ መጣሁ። እንግዶቹ ጠረጴዛሽ ጋ ሲደርሱ፣ ከረባት ያሰረው ሰውዬ ወደ እኔ እያየ ማን እንደሆንኩ ጠየቀሽ። «ከጌዶ የመጡ ተጠቃሚ ናቸው» አልሽው። እኔም ሻሼን አስተካከልኩ። ዱቄቱ ይሠራል ወይ ሲለኝ «አዎ ጌታዬ፣ ዶክተርን አላህ ይስጥልኝ፤ እሳቸው ባይኖሩ በቆሎዬ አልቆ ነበር» አልኩት። ልጄን «እሳቸው» አልኩ። አንቺም ለማንም አሮጊት እንደሚባለው «እናመሰግናለን፣ እማማ» ብለሽኝ ወደ እንግዶቹ ዞርሽ። ወደ ጌዶ ስመለስ በመንገድ ሁሉ፣ ሥራ በዝቶባት ነው፣ ደንግጣ ነው እያልኩ መጣሁ። ባለፈው በስልክ «ነጋዴ አይደለሁም» ስትዪኝ ግን ያ ቀን መጣብኝ።

በጋውን ሙሉ የብሳና ቅጠል ሳደርቅ ከርሜያለሁ፤ አምስት ጆንያ ሞልቷል። ማክሰኞ ጠዋት እህል በሚጭነው አይሱዙ ይዤው አምቦ እገባለሁ። ፎርሙን ፈርመሽ ጠብቂኝ። የግቢው ጥበቃ ደውሎ «ቅጠል ያስጫኑ ሴትዮ በር ላይ ቆመዋል፤ ማን ናቸው?» ይልሻል። የምትመልሺለትን ከአሁኑ አስቢበት።

አላህ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፤ ዕድሜሽን ያርዝመው።

እናትሽ