ያልጨረስነው የፍሬን ክርክር

ጀማልዬ፣

ካንተ ወዲህ ነገሌ ላይ ሁለት ዝናብ ዘነበ። የመጀመሪያው በሰዓቱ መጣ፣ ሁለተኛው አቧራውን እንኳ በቅጡ ሳያረጥብ ሄደ። ዓመት ሞላህ ማለት ነው። አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም ከልቤ ነው። ተናድጄብሃለሁ። የሞተ አይወቀስም ይሉኛል። እኔ ግን ለሰው አላማሁህም፤ የምናገረው ላንተው ነው፣ ድሮም ፊት ለፊት እንደምንነጋገረው።

ቤቱ ደህና ነው። የሱቁን መደርደሪያ ሰማያዊ ቀባሁት። አረንጓዴ ካልሆነ ብለህ የጨቀጨቅከኝን እያስታወስኩ፣ ሆን ብዬ ሰማያዊ ቀባሁት። እናትህ ጉልበታቸውን ቢያማቸውም ጠዋት ጠዋት በር ላይ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ልጃችን ሂክማ ትምህርት ቤት ገባች። ስትቆጣ ልክ እንዳንተ አንዱን ቅንድቧን ብቻ ታነሳለች፤ በዚህም እናደዳለሁ።

ወደ ነገሬ ልግባ። የመጨረሻውን ጉዟችንን አትረሳውም። ከክብረ መንግሥት ድንችና ጥቅል ጎመን ጭነን ስንመለስ የምነዳው እኔ ነበርኩ። ቁልቁለቱን ጨርሰን ድልድዩ ጋ ስንቆም እንደ ልማድህ ጀሪካንህን አንስተህ ወረድክ። ከወንዙ እየቀዳህ ጎማዎቹ ላይ ደፋህ። ውሃው የጋለው ብረት ላይ ሲያርፍ ይንጫጫል፣ እንፋሎቱ ይነሳል፤ አንተ ደግሞ እዚያው እንፋሎት ውስጥ ቆመህ ትቆጣኛለህ። «አንቺ እኮ የምትነጂው ፍሬን ላይ ተኝተሽ ነው» አልከኝ፣ መኪና የሚያጥቡት ሹፌሮች ሁሉ እየሰሙ። ሳቁብኝ። ነገሌ ልንገባ ስንል ፍየሎች መንገድ ገቡ፣ ፍሬን ያዝኩ፣ መሪው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። አስቆምከኝና ከወንበሩ አስነሳኸኝ። ቁልፉን ሸሚዝ ኪስህ ውስጥ ከትተህ ከእንግዲህ አትነጂም አልክ።

አዎ፣ ፍሬን እረግጣለሁ። ቁልቁለት ነው፣ ጭነት አለ፣ ከፊት ግመል ይሻገራል፤ ታዲያ ምን ልርገጥ?

ተኳረፍን። መልሴን እያዘጋጀሁ ነበር፣ ጥሩ አድርጌ። አንተ ግን አመመኝ ብለህ ተኛህ፣ ሆስፒታል ገባህ፣ በሰው ትከሻ ወጣህ።

ቁልፉ ካንተ ኪስ ወጥቶ ወንድምህ ከድር ኪስ ገባ። ዒዳ ላይ፣ ባል የሞተባት በምትቀመጥበት ወራት፣ ስለነበርኩ ከቤት አልወጣም ነበር፤ መኪናችን በአጥሩ ሥር ስታልፍ በድምጿ ብቻ ነበር የማውቃት። ዒዳዬን ስጨርስ ከድር አጎታችሁን ሐጂን ይዞ መጣና መኪናዋ ትሸጥ አለ። የፊት እግሯ ተበላሽቷል፣ ያበላሸቻትም እሷ ናት፣ ፍሬን ላይ ተኝታ ነው የምትነዳው፣ ወንድሜ ራሱ ተናግሯል አለ። ቃልህን አንድም ሳያጎድል ደገመው። ሞተህም ቁልፉን ከለከልከኝ። መኪናዋ ከተሸጠች ዕቃውን ከሌላ ነጋዴ ተረክቤ ልሸጥ ነው፤ ሱቁ ደግሞ በዚያ አያያዝ ለከርሞ እንደማይደርስ አንተም ታውቃለህ።

ሐጂን ለመንኳቸው። እስከ አረፋ ጊዜ ይስጡኝ፣ አሠርቼ እኔው ልንዳት፣ እጄ ላይ ደግማ ከተንቀጠቀጠች ሽጧት አልኳቸው። እሺ አሉ።

መካኒካችን ጂሎም መጀመሪያ ያመነው አንተን ነው። አካም ናጋ ተባብለን ሳንጨርስ ቀስ ብለሽ ንጂ ብሎ መከረኝ። ጎማዎቹን ባላንስ አስደረገ፤ ለውጥ የለም። እኔ ግን ስነዳት ልብ ብዬ ነበር። ፍሬን ካልያዝኩ ብፈጥንም ብዘገይም መሪው ጸጥ ያለ ነው፤ የሚርደው ስረግጥ ብቻ ነው። ታዲያ ጎማው ምን በደለ አልኩት። አብረን ወጥተን ሞከርናት። ወንበሩ አይነቃነቅም፣ የሚንቀጠቀጠው መሪው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ችግሩ ከፊት ነው አለ። በክሪክ አንስቶ የፊት ጎማውን ፈታ። ጎማው የሚዞርበትን ኩሽኔታ ነቀነቀው፣ ደህና ነው። ከዚያ የካቻቢቴውን ጫፍ የፍሬኑ ዲስክ አጠገብ ደግፎ ያዘና ዲስኩን በእጁ አዞረው። ጫፉን ይነካዋል፣ ይለቀዋል፣ መልሶ ይነካዋል። ዲስኩ ተጣሟል። በቅርቡ የቀየርኩት አዲስ ነበር እኮ ብሎ ራሱን አከከ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀኝ።

«ቁልቁለቱን ስትጨርሱ፣ ዲስኩ እንደጋለ፣ ምን ታደርጋላችሁ?»

ውሃ ትደፋበት እንደነበር ነገርኩት፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል አለኝ። ጀሪካንህ ከወንበሩ ኋላ ተቀምጧል። ጀማል፣ የጋለ ብርጭቆ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንደማይደፋ ታውቃለህ፤ ሂክማን ለዚሁ ተቆጥተሃታል። የጋለ ዲስክ ላይ ግን ወንዝ ስትደፋ ኖርክ፣ እየደፋህም እኔን ተሳደብክ።

ጂሎ አዲስ ዲስክና የፍሬን ሸራ ገጠመ። ዲስኩ የሚያርፍበትን ቦታ ዝገት በሽቦ ብሩሽ ጠረገ፣ የጎማውን ዳዶዎች አንዱን ካጠበቀ ትይዩውን እያጠበቀ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ቁልቁለቱን እየረገጥኩ ነው የወረድኩት። ድልድዩ ጋ እቆማለሁ፣ ውሃ ግን አላስነካም። መሪው እጄ ላይ ዝም አለ።

አረፋ ሲቃረብ ከድር ለሠርግ ብሎ ተዋሰኝና ክብረ መንግሥት ደርሶ መጣ። መኪናዋን እያብለጨለጨ መለሰልኝ። አጥቤልሻለሁ አለ፣ ምስጋና እየጠበቀ። በማግስቱ ፍሬን ስይዝ መሪው ተንቀጠቀጠ። አልጮህኩም። ቁልፉን ለከድር ሰጠሁት፣ ሐጂን መሃል አስቀመጥን፣ ንዳ አልኩት። ገበያው ጋ ባጃጅ ሲገባበት ፍሬን ያዘ። መሪው እጁ ላይ ሲርድ ሐጂም አዩ። ትናንት የት ነው ያጠብካት አልኩት። መቼም ወንድምህ አይዋሽም።

«ወንዙ ጋ» አለ። «እንደወረድኩ። ወንድሜም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።»

ጂሎ የነገረኝን በሙሉ ነገርኳቸው። ሐጂ ቁልፉን ነቅለው እጄ ላይ አስቀመጡት። ዲስኩን ብረት የሚላግበት ቶርኖ ቤት ወስጄ ፊቱን አስተካከልኩት።

ረታሁ ጀማልዬ። ቤት ገብቼ ግን በንዴት አለቀስኩ። ከድርን መርታት ምን ያደርግልኛል? እኔ የፈለግኩት አንተ ያንን ቅንድብህን ስታነሳ፣ መልስ ስታጣ፣ በመጨረሻም እሺ በቃ ስትል ማየት ነበር። እዚህ ቁጭ ብለህ መረታት ነበረብህ። ክርክር መሃል ላይ ተነስቶ የሄደ ሰው ካንተ በቀር አላውቅም።

አሁንም ስመለስ ድልድዩ ጋ እቆማለሁ። ሹፌሮቹ ውሃቸውን ሲደፉ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጎማው እስኪበርድ እጠብቃለሁ። ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ጀሪካንህን አልጣልኩትም። በእሱ ውሃ ለሶላት ውዱእ አደርጋለሁ፣ ዱዓ አደርግልሃለሁ፣ ከዚያ እሰድብሃለሁ። ይህች መኪና እስከሄደች ድረስ፣ እሷ ስታረጅም በሌላዋ፣ እዚያ ድንጋይ ላይ የምቀመጠው ላንተ ነው። እናትህ ይቅር በይውና ልብሽ ይረፍ ይሉኛል። ይቅር ብዬሃለሁ። ንዴቴ ግን ገና ትኩስ ነው፤ ማንም ውሃ እንዲደፋበት አልፈልግም። በራሱ ጊዜ እስኪበርድ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

ባለቤትህ ዘይነባ
ነገሌ